አንድ ግቢ፣ ሁለት ቋንቋ፤ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በሮቸስተር

የትምህርት አዳራሽ ለማነጽ የሚነሣ መሐንዲስ አስቀድሞ ከሚያሰላቸው ነገሮች አንዱ የድምፅ ጉዞ ነው። መምህሩ ከመድረኩ ላይ ሆኖ የሚናገረው ቃል ሳይደበዝዝና ሳያስተጋባ ከመጨረሻው ወንበር እንዲደርስ የግድግዳው ስፋት፣ የጣሪያው ከፍታና የወለሉ ተዳፋት በጥንቃቄ ይወሰናል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ከአንድ ያልተነገረ እምነት የሚመነጭ ነው፤ ይኸውም በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ይሰማል የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋምም በጠቅላላው በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነው። ሌክቸሩ፣ የክፍል ውስጥ ክርክሩ፣ የቤተ ሙከራው ማስጠንቀቂያ፣ በመተላለፊያ ላይ ስለ ፈተና የሚጣለው ፍንጭ፣ በምሳ ሰዓት የሚወራው ወሬ ሁሉ በአየር ላይ የሚጓዝ ድምፅ ነው።

እንግዲህ መስማት የተሳነው ወጣት እንደዚህ ካለው ተቋም ቢገባ ምን ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ «አይገባም»፣ ወይም «ከገባም ብቻውን ይታገል» የሚል ነበር። ከ1968 ጀምሮ ግን በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ አጠገብ ከዚህ የተለየ መልስ ተሞክሯል። በዚያ የሚገኘው የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች በአንድና በሁለት ሳይሆን በመቶዎች፣ በኋላም ከ1,000 በላይ ተቀብሎ ከሚሰሙት ተማሪዎች ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ አስተምሯል። የዚያ ሙከራ ታሪክ የሚያስረዳው ቁም ነገር በር መክፈትና ሰውን ማስገባት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ

በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የከፍተኛ ትምህርት በር መጀመሪያ የተከፈተላቸው በ1864 ነው። በዚያን ዓመት ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘውና ኋላ ጋሎዴት የተባለው ትምህርት ቤት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲሰጥ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። በዚህ ኮሌጅ የምልክት ቋንቋ የዘወትር መነጋገሪያ ስለነበር ተማሪው ከጓደኛው ጋር ለመግባባት አይቸገርም ነበር። ዳሩ ግን ኮሌጁ በይበልጥ ያተኮረው በጠቅላላ ዕውቀት ትምህርት ላይ ስለነበር፣ የማሽን ንድፍ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ለመማር የሚሻው ወጣት የሚመኘውን ሙያ በዚያ አያገኝም ነበር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በ1880 በኢጣልያ፣ በሚላኖ ከተማ የተሰበሰበው የመምህራን ጉባኤ መስማት የተሳናቸው ልጆች በምልክት ሳይሆን በንግግርና ከንፈርን በማንበብ እንዲማሩ ወሰነ። በጉባኤው ላይ ድምፅ ከሰጡት ሰዎች ሁሉም ለማለት ይቻላል የሚሰሙ ነበሩ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ ስለ እነርሱ የተወሰነውን እነርሱ ያወቁት ከሁሉ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ በሚገኙ አያሌ ትምህርት ቤቶች የምልክት ቋንቋ ከክፍል እንዲወጣ ተደረገ።

ከንፈርን ማንበብ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «በላ» እና «መላ» የሚሉትን ሁለት የአማርኛ ቃላት ድምፅ ሳያሰማ በመስተዋት ፊት የሚናገር ሰው በከንፈሩ እንቅስቃሴ መካከል ልዩነት አያገኝም። ከንግግር ድምፆች መካከል ብዙዎቹ የሚፈጠሩት በአፍ ውስጥና በጉሮሮ በመሆኑ ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ዓይን ጨርሶ አይታዩም። ስለሆነም ከንፈር የሚያነብ ተማሪ የሚያየው የቃሉን ከፊል ብቻ ሲሆን የቀረውን በግምት ይሞላል። በቤተሰብ ጨዋታ ላይ ግምት ይበቃ ይሆናል፤ ስለ ሽክርክሪት ጉልበት ወይም ስለ ተለዋጭ ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ግን ግምት ከቶ አያዋጣም።

የቴክኒክ ትምህርት ጥያቄ በመጀመሪያ የመጣው ከራሳቸው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ዘንድ ነው። በሚኒሶታ በሚገኘው ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩትና ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ፒተር ፒተርሰን፣ ለእነዚህ ወጣቶች አንድ ብሔራዊ የቴክኒክ ተቋም እንዲቋቋም ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያቀረቡት በ1930 ነበር። ሐሳቡ ሰሚ አግኝቶ ሕግ እስኪሆን 35 ዓመት ፈጅቷል።

በመካከሉ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛው፣ በጋሎዴት ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ስቶኪ በ1960 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ የእንግሊዝኛ ቅጂ ወይም የእጅ ጨዋታ ሳይሆን የራሱ አገባብ ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን አመለከቱ። ሁለተኛው፣ በሆመር ባቢጅ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የመንግሥት አማካሪ ኮሚቴ በ1965 የወጣውን ሪፖርት አቀረበ። በሪፖርቱ እንደተገለጸው መስማት ከተሳናቸው ስድስት ጎልማሶች አምስቱ በጉልበትና በእጅ ሥራ ላይ የተሠማሩ ሲሆኑ፣ ከሚሰሙት መካከል በእንዲህ ያለ ሥራ የሚተዳደሩት ግን ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። ፋብሪካዎች በአውቶማቲክ መሣሪያዎች እየተለወጡ በሄዱበት በዚያ ዘመን የእጅ ሥራው ራሱ እየጠፋ ነበር። በመሆኑም ጉዳዩ የበጎ አድራጎት መሆኑ ቀርቶ የሠለጠነ የሰው ኃይል ጉዳይ ሆነ።

ሕጉና ግቢው

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን መስማት ለተሳናቸው ብሔራዊ የቴክኒክ ኢንስቲትዩት የሚያቋቁመውን ሕግ ሰኔ 8 ቀን 1965 ፈረሙ። በሕጉ ውስጥ ከሁሉ የሚልቀው ሐሳብ አዲሱ ተቋም ለብቻው እንዳይቆም፣ ነገር ግን ለሚሰሙ ተማሪዎች በተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲታቀፍ መደንገጉ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። የማሽን ቤቶችን፣ ቤተ ሙከራዎችንና የምሕንድስና መምህራንን ከባዶ ተነሥቶ ማደራጀት ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል። ከዚህም በላይ ተመራቂው ነገ የሚሠራው ከሚሰሙ ሰዎች ጋር ስለሆነ ከእነርሱ ጋር መዋልን በትምህርት ዘመኑ እንዲለምድ ታስቦ ነበር።

ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተወዳድረው በኅዳር 1966 የተመረጠው የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆነ። ይህ ተቋም መሠረቱ በ1829 የተጣለ ሲሆን፣ በ1885 ለፋብሪካዎች የእጅ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ከተቋቋመ ሌላ ትምህርት ቤት ጋር በ1891 ተዋሕዷል፤ የዛሬውንም ስም ያገኘው በ1944 ነው። ተማሪዎቹ የትምህርቱን ጊዜ ከፋብሪካ ሥራ ጋር እያፈራረቁ የሚማሩበት ሥርዓት ከ1912 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በከተማይቱ በ1876 የተቋቋመ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ስለነበረ አካባቢው ለእነዚህ ሰዎች እንግዳ አልነበረም። በተጨማሪም ዩኒቨርሲቲው ከመሐል ከተማ ወጥቶ ሄንሪዬታ በተባለው ቦታ በ1,300 ኤከር መሬት ላይ አዲስ ግቢ በመሥራት ላይ ስለነበር ለአዲሱ ተቋም የሚሆን ሥፍራ አልጠፋም። ብሔራዊው ኢንስቲትዩት በአሠራሩ ከዩኒቨርሲቲው ኮሌጆች አንዱ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ «ኮሌጁ» እየተባለ ይጠቀሳል። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር ሮበርት ፍሪሲና ነበሩ።

በ1968 የመጀመሪያዎቹ 70 ተማሪዎች ወደ ግቢው ገቡ። ከፊሎቹ በኮሌጁ ውስጥ ለእነርሱ በተዘጋጀው የቴክኒክ ትምህርት ክፍል ሲማሩ፣ ሌሎቹ በዩኒቨርሲቲው ልዩ ልዩ ኮሌጆች ከሚሰሙት ጋር በአንድ ክፍል የመማር ዕድል ነበራቸው። ይህ ሁለት መንገድ ያለው አሠራር ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሲገቡ ለእነርሱ የታሰበው ሕንፃ ገና አልተሠራም ነበር፤ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ስም የተሰየመው ዋናው ሕንፃ የተመረቀው በ1974 ነው።

አንድ ዓይን ለሦስት ሥራ

በጋራ ክፍሎች ውስጥ ወዲያውኑ የተገለጠው ችግር በምሕንድስና ቋንቋ ሲገለጽ የመረጃ መሥመር እጥረት ነው። የሚሰማ ተማሪ ሁለት መሥመር አለው። በጆሮው መምህሩን እያዳመጠ በዓይኑ ጥቁር ሰሌዳውን ያያል፤ እጁም በዚያው ጊዜ ማስታወሻ ይይዛል። መስማት የተሳነው ተማሪ ግን ለሁሉም ያለው አንድ መሥመር፣ ይኸውም ዓይኑ ብቻ ነው። አስተርጓሚውን ሲመለከት ሰሌዳው ያመልጠዋል፤ ሰሌዳውን ሲመለከት ንግግሩ ያመልጠዋል፤ ለመጻፍ ሲያጎነብስ ሁለቱም ያመልጡታል። መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ «ይህን ከዚህ ብንቀንሰው» እያለ በጠመኔ ሲያመለክት፣ የትኛው ከየትኛው እንደተቀነሰ ለዚህ ተማሪ ምስጢር ሆኖ ይቀራል።

የዚህ ችግር መፍትሔ አንድ መሣሪያ ሳይሆን የተያያዙ ሥራዎች ሰንሰለት ሆነ። የመጀመሪያው ቀለበት አስተርጓሚው ነው። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች በማኅበር የተደራጁት በ1964 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሥራው በአብዛኛው መስማት የተሳናቸው ወላጆች ባሏቸው ልጆችና በበጎ ፈቃደኞች ላይ የወደቀ ነበር። ሮቸስተር የሚያስፈልገው ብዛት በገበያ ላይ ባለመገኘቱ ኮሌጁ በ1969 ክረምት ራሱ ማሠልጠን ጀመረ። በኋለኞቹ ዓመታት የግቢው አስተርጓሚዎች ቁጥር ከ100 በላይ ደርሷል።

ሁለተኛው ቀለበት ማስታወሻ ያዡ ነው። የሠለጠነ የክፍል ጓደኛ መልእክቱን ያለ ካርቦን በሚያስተላልፍ ወረቀት ላይ ሲጽፍ፣ የሥረኛው ቅጂ መስማት ለተሳነው ተማሪ ይሰጠዋል። ተማሪው ዓይኑን ከአስተርጓሚው ሳያነሣ ትምህርቱን ለመከታተል የቻለው በዚህ ቀላል ዘዴ ነው። የወረቀቱ ዋጋ ከሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ያነሰ ሲሆን ጥቅሙ ግን ከማናቸውም አያንስም።

ሦስተኛው ቀለበት የቃላት ጉዳይ ነው። የምልክት ቋንቋ ለዕለት ኑሮ የተሟላ ቢሆንም፣ በቴክኒክ ትምህርት የሚያጋጥሙት ቃላት ግን እነዚህ ተማሪዎች በብዛት ባልገቡባቸው ሙያዎች ውስጥ ያሉ ስለነበሩ ብዙዎቹ ምልክት አልነበራቸውም። አስተርጓሚው እያንዳንዱን ቃል በጣት ፊደል ሆሄ በሆሄ ለመጻፍ ይገደዳል። ይህ የጣት ፊደል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋም ለእያንዳንዱ የሆሄ ቤተሰብ የተለየ የእጅ ቅርጽ ሲኖር፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ነገር ግን መምህሩ በአንድ ትንፋሽ የሚጠራውን ረጅም የሙያ ቃል በጣት ሲጽፉት ሌላ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ስለዚህ ኮሌጁ በ1975 የቴክኒክ ምልክቶችን የሚያሰባስብ ፕሮጀክት አቋቋመ። የፕሮጀክቱ ሠራተኞች ምልክቶችን በጠረጴዛ ዙሪያ ከመፍጠር ይልቅ በሥራ ላይ ያሉ መስማት የተሳናቸው ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸውን ፈልገው መዘገቡ። ቋንቋ ከተናጋሪው እንጂ ከኮሚቴ እንደማይወለድ ተረድተው ነበር።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አንድ ጉድለት አይቀርም። አስተርጓሚው ንግግሩን ሰምቶ፣ ሐሳቡን ጨብጦ፣ በምልክት እስኪያወጣው ጥቂት ሰኮንዶች ያልፋሉ። መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰሙት ተማሪዎች እጃቸውን አንሥተው ዕድሉን ከወሰዱ በኋላ ጥያቄው ገና ለዚህኛው ተማሪ ይደርሰዋል። መልሱን ያወቀው ሰው ሳይናገር ይቀራል። ይህን የሚያስተካክል ማሽን የለም፤ የሚያስተካክለው ጥቂት የሚታገሥ መምህር ነው።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ

ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚቆየው በቀን ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው በመኖሪያ ሕንፃ፣ በመመገቢያ አዳራሽና በስፖርት ሜዳ ስለሆነ የግቢው ኑሮ ሁሉ እንደገና መታሰብ ነበረበት። በር ሲንኳኳ የሚበራ መብራት፣ የእሳት አደጋ ደወል በሚጮኽበት ጊዜ በኃይል የሚያብለጨልጭ ብርሃን፣ ተኝቶ ለሚነሣው ሰው ደወል በመሆን ፋንታ ትራሱን የሚያንቀጠቅጥ ሰዓት በተማሪዎች መኖሪያ የተለመዱ ዕቃዎች ሆኑ። ለሚሰማ ሰው እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ይመስሉት ይሆናል። ነገር ግን በሌሊት እሳት ቢነሣ ማን ይቀሰቅሰኛል ብሎ የሚሠጋ ወጣት እንቅልፍም ጥናትም እንደሌለው መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ የከበደው የስልክ ጉዳይ ነበር። ስልክ ከተፈለሰፈ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ መስማት የተሳነው ሰው አሁንም ወላጆቹን ለማነጋገር ወይም የሥራ ቀጠሮ ለመያዝ የሌላ ሰው ጆሮ መለመን ነበረበት። መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው መስማት የተሳናቸው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዋይትብሬክት ናቸው። እርሳቸው እንደ እርሳቸው መስማት ከተሳናቸው ከጥርስ ሐኪሙ ጄምስ ማርስተርስና ከአንድሩ ሳክስ ጋር በመተባበር በ1964 በቴሌታይፕ አማካይነት በስልክ መሥመር መጻጻፍ የሚያስችል መሣሪያ ሠሩ።

የመሣሪያው አሠራር ለመሐንዲስ የሚጥም ነው። በዚያን ዘመን የስልክ ኩባንያው ማንም የራሱን ዕቃ ከመሥመሩ ጋር በሽቦ እንዲያገናኝ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ዋይትብሬክት የስልኩን እጀታ በላስቲክ ጎድጓዳ ማቀፊያ ላይ አስቀምጠው ምልክቱ በድምፅ መልክ እንዲተላለፍ አደረጉ። እያንዳንዱ ሆሄ በአምስት ምልክቶች ቅንብር ይወከላል፤ አንዱ ዓይነት ምልክት በ1,400 ኸርዝ፣ ሌላው በ1,800 ኸርዝ ድምፅ ይላካል። ፍጥነቱ በደቂቃ 60 ቃላት ያህል ነበር። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ ቢጽፉ መልእክቱ ስለሚደበላለቅ፣ ጽፎ የጨረሰው ወገን ተራውን ለሌላው የሚያስተላልፍበት አጭር ምልክት በልማድ ተወሰነ። መሣሪያዎቹ ከአገልግሎት የወጡ ከባድ ቴሌታይፖች ሲሆኑ፣ የስልክ ኩባንያው ከ1968 ጀምሮ ትርፍ የሆኑትን ለመስጠት ሲስማማ ብዙዎቹን የጠገኑትና ያከፋፈሉት መስማት የተሳናቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስተኛ ሰው ሳያስገባ ከቤቱ ጋር የግል ነገር የተነጋገረው በእንዲህ ያለ መሣሪያ ነው።

ቴሌቪዥንም ከ1980 በፊት ለእነዚህ ተማሪዎች ድምፅ የሌለው ሥዕል ነበር። በመጋቢት ወር 1980 በልዩ መቀበያ የሚታይ የንግግር ጽሑፍ በአሜሪካ ጣቢያዎች መሰራጨት ጀመረ። በ1990 የወጣውን ሕግ ተከትሎም ከ1993 አጋማሽ ጀምሮ የሚሸጡ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆኑ ቴሌቪዥኖች ይህን መቀበያ በውስጣቸው እንዲይዙ ተደረገ። በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውና የማይሰማው ተማሪ በአንድ ቀልድ በአንድ ጊዜ መሣቅ የቻሉት ከዚህ ወዲህ ነው።

በሌላ በኩል ግቢው መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ራሳቸው ያፈሩትን ባህል አየ። በ10 ዓመታቸው በማጅራት ገትር ሕመም ምክንያት መስማት ያቆሙት ፕሮፌሰር ሮበርት ፓናራ የኮሌጁ የመጀመሪያው መስማት የተሳናቸው መምህር ነበሩ። ሥነ ጽሑፍ ከማስተማራቸውም ሌላ ተማሪዎቹ በምልክት ቋንቋ የሚተውኑበትን የቲያትር ክበብ አቋቋሙ። ተውኔቱን ለማየት የሚሰሙ ተማሪዎችም ይመጡ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተርጓሚ የሚያስፈልገው የሚሰማው ተመልካች ሆነ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ2017 ለእኚህ መምህር መታሰቢያ ቴምብር አውጥቷል።

የምሳ ጠረጴዛው

ከ1963 እስከ 1965 ሩቤላ የተባለው የኩፍኝ ዓይነት በአሜሪካ ተዛምቶ ስለነበር፣ በእርግዝና ወራት በሽታው ከያዛቸው እናቶች የተወለዱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት መስማት ተሳናቸው። እነዚህ ልጆች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለኮሌጅ ሲደርሱ የሮቸስተር ተማሪዎች ቁጥር በእጅጉ አደገ። በ1982 ኮሌጁ በአጭር ጽሕፈት መሣሪያ የሚቀዳውን የመምህሩን ንግግር ኮምፒዩተር ወዲያውኑ ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጦ በመስኮት ላይ የሚያሳይበትን ዘዴ በክፍል ውስጥ ሞከረ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ተመራማሪ ማይክል ስቲንሰንና ባልደረቦቻቸው በተራ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር የሚሠራ፣ ርካሽና ቀላል የሆነ ዘዴ አዳበሩ።

ከዚህ ጊዜ በኋላ የክፍሉ ጉዳይ መልክ እየያዘ ሄደ። ዳሩ ግን በዚያው ዘመን ሱዛን ፎስተርና ፖላ ብራውን የተባሉት የኮሌጁ ተመራማሪዎች ተማሪዎቹን በመጠየቅ ያደረጉት ጥናት ሌላ ነገር ገለጠ። መስማት የተሳናቸውና የሚሰሙ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ በአንድ ሕንፃ ያድራሉ፤ በአንድ አዳራሽ ይመገባሉ፤ ነገር ግን የጠበቀ ጓደኝነት የሚመሠርቱት በአብዛኛው ከየወገናቸው ጋር ነበር። ምክንያቱ ጥላቻ አይደለም። ክፍሉ ሲያበቃ አስተርጓሚው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ በመተላለፊያው ላይ የሚቀረው ሁለት ወጣትና በመካከላቸው ያለ ዝምታ ነው። በወረቀት እየጻፉ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል፤ በወረቀት እየጻፉ መቀላለድ ግን አድካሚ ነው። አራት ሰዎች ተቀባብለው ሲያወሩ አምስተኛው ማን እንደተናገረ ፈልጎ ፊቱን እስኪያዞር ጨዋታው ወደ ሌላ ይሻገራል። በመጨረሻም «ምን አሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ «ተወው፣ ቁም ነገር አይደለም» የሚል መልስ መቀበል ይሰለቻል።

በዚህ ምክንያት በሙያው ውስጥ ረጅም ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ለብቻቸው መሰብሰባቸው የተቋሙን ዓላማ ያፈርሳል ሲል፣ ሌላው ወገን ያ መሰባሰብ ራሱ የተቋሙ ታላቅ ስጦታ ነው ይል ነበር። ለዚህ ክርክር የሚረዳው ብቻቸውን የተማሩት ሰዎች ታሪክ ነው። አላን ኸርዊትዝ በሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቁት በ1965፣ ማለትም ሮቸስተር ከመከፈቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነው። በዚያ ዘመን በመደበኛ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር መስማት ለተሳነው ሰው በሕግ የተወሰነ አስተርጓሚ አልነበረም፤ ብርቱ የሆነው ከመጽሐፍና ከጎረቤቱ ደብተር ይማራል፤ ያልቻለው ይመለሳል። ኸርዊትዝ በመሐንዲስነት ከሠሩ በኋላ በ1970 ወደ ሮቸስተር መጥተው መምህር፣ ኋላም የኮሌጁ የበላይ ኃላፊ፣ በ2010 ደግሞ የጋሎዴት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የአንድ ብርቱ ሰው መውጣት ግን መንገዱ ቀና ነበር ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

ከሮቸስተር ታሪክ እንደሚታየው፣ ለብቻው የሚማረው ተማሪ የሚያጣው ትምህርት ብቻ አይደለም። ስለ ፈተና የሚጠይቀው፣ ስለ ሥራ ቅጥር የሚመክረው፣ ሲከፋው የሚያጽናናውና ያለ ተርጓሚ የሚረዳው ሰው ያጣል። ብዙዎች በአንድ ግቢ ሲገኙ ግን የተማሪዎች ምክር ቤት፣ የስፖርት ቡድን፣ ክበብና የበላይ ተማሪ ምክር ይኖራል። ከራሱ ወገን ጋር ቋንቋውን ያጠነከረ ተማሪ ወደሚሰሙት ለመሄድም ድፍረት ያገኛል። ከሚሰሙት ተማሪዎችም አንዳንዶቹ የምልክት ቋንቋ ተምረው ወደ ማዶው ጠረጴዛ ተሻግረዋል። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል የተሠራው ጽኑ ድልድይ ይኸው ነው፤ የሚገነባው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄ

መጋቢት 1988 የጋሎዴት ተማሪዎች ከተመሠረተ ጀምሮ መስማት በማይሳናቸው ሰዎች ሲመራ የኖረው ዩኒቨርሲቲያቸው መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት እንዲሾምለት ተነሥተው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ኪንግ ጆርዳን ተሾሙ። ጥያቄው ወደ ሌሎች ተቋሞችም ተዛመተ። በሮቸስተርም የመምህራን የምልክት ቋንቋ ችሎታ በቂ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለዓመታት ቆይቷል። በ1996 ሮበርት ዳቪላ ኮሌጁን በመምራት የመጀመሪያው መስማት የተሳናቸው ሰው ሆኑ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የመጡት ኸርዊትዝ ሲሆኑ፣ በ2011 ኃላፊነቱን የተረከቡት ጄራርድ በክሊ ደግሞ ቀድሞ የዚያው ግቢ ተማሪ የነበሩ ናቸው።

የዚህን ታሪክ ክሮች ሰብስቦ የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ተቋሙን በ1930 ያለሙት፣ ስልኩን የፈለሰፉት፣ አሮጌውን ቴሌታይፕ የጠገኑት፣ ቲያትሩን የጀመሩት፣ የክፍሉን ጽሑፍ ዘዴ ያዳበሩት ሰዎች ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የሚሰሙት ወገኖች ሕግ አውጥተዋል፤ ገንዘብ መድበዋል፤ ሕንፃ ሠርተዋል። ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሥራው የተቃናው ችግሩን በሚኖረው ሰው ልክ ሲሠራ እንጂ ስለ እርሱ በሚገምተው ሰው ልክ ሲሠራ አልነበረም።

በአሁኑ ዘመን ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም በኪስ ስልክ ውስጥ ይገኛል፤ ምንም እንኳ የሙያ ቃላትና የብዙ ሰዎች ንግግር ሲያጋጥመው ቢሳሳትም፣ በ1964 ቴሌታይፕ ይጠግኑ የነበሩት ሰዎች ያላለሙትን አገልግሎት ይሰጣል። ከዚህ የተነሣ ለማይሰማ ተማሪ አንድ ስልክ ሰጥቶ ወደ ማናቸውም ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ይበቃል የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። የሮቸስተር ታሪክ ለዚህ ሐሳብ ማስጠንቀቂያ ነው። ማሽን ሌክቸሩን ሊያደርስ ይችላል፤ የምሳውን ጨዋታ ግን የሚያደርሰው ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛ ነው። ስለሆነም አዲስ የትምህርት ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ ከድምፁ ጉዞ ጎን የብርሃኑን አቅጣጫ፣ የአስተርጓሚውን መቆሚያና የማስጠንቀቂያውን መብራት ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ሊያሰፍር ይገባዋል፤ በኋላ ለመጨመር የሚወጣው ወጪ ከፍ ያለ ነውና። ንድፉን ከመፈረሙ በፊት ደግሞ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚማረውን መስማት የተሳነውን ሰው ጠርቶ ቢያማክር፣ በሥዕሉ ላይ ሳይታይ የቀረውን ስሕተት ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ያገኘዋል።